ጭኔ ላይ ዝም ያለው አውራ ዶሮ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው አፈር ገባ። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ በድንበር ተጣልቼ የተሳደብሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ስናዘዝ ኖሬያለሁ። ይህችን ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ስትደርስ መልሼ እየዋጥኋት ሃያ አምስት ዓመት አለፈኝ። አሁን ለእርስዎ ነው የምናገራት። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ አለማወቄም ሳይሻለኝ አይቀርም።

አንዲት ሴት ያለ ጥፋቷ ከትዳሯ እንድትባረር ያደረግሁ እኔ ነኝ። ያደረግሁትም ስለ ዶሮ የማውቀውን ሆን ብዬ በመደበቅ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ስሜ ጥሩወርቅ ይባላል። መንደራችን ታች ጋይንት ነው፤ አርብ ገበያ ለመድረስ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እኔና ባሌ ተገኘ ልጅ አልወለድንም። እሱ ከበሬዎቹ ጋር ይውላል፣ እኔ ከዶሮዎቼ ጋር። ዶሮ ያለው ሁሉ ዶሮ ያውቃል ማለት አይደለም። እኔ ግን አውቅ ነበር። የአንዷ ጎረቤት ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል ትታ ብትነሣ፣ የሌላዋ አውራ ሴቶቹን ቢያቆስል፣ የምጠራው እኔ ነበርሁ። «ጥሩ ትየው» ይባል ነበር። እንዲህ መባሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

አውራ ዶሮ እንደ ሰው ጠባይ አለው። ደጉ ፍሬ ሲያገኝ አይውጠውም። በአፉ እያነሣ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል፣ እነሱ ሲለቅሙ እሱ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ምንም ሳያገኝ እንዳገኘ እየጠራ የሚያታልላቸውም አለ። ጭልፊት ከላይ ሲያይ አንዲት ቀጭን ረዥም ድምፅ ያወጣል፣ ውሻ ሲመጣ ደግሞ ሌላ። አንድ ክንፉን ወደ መሬት ጥሎ በጎን በጎኑ ሲዞር፣ ለሴት ዶሮ ከሆነ ማባበሉ ነው። ለሰው ከሆነ ግን ና እንተያይ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ሰው ተሸንፏል፤ ከዚያ ወዲያ ባየው ቁጥር ይመጣበታል። የሚመጣውም ጀርባ ሲሰጡት ነው። ትልቅ ሰው ከሆነ የሚያገኘው እግሩን ነው። ትንሽ ልጅ ከሆነ ፊቱን።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት በኋላ ጭልፊት አንዲት እናት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ጨረሰብኝ። አንድ ጫጩት ብቻ ተረፈ። ብርድ እንዳይገድለው በቅርጫት አድርጌ ምድጃ አጠገብ አሳደግሁት፣ ከመዳፌ አበላሁት፣ በብብቴ ይዤው ጎረቤት ሄድሁ። አድጎ ገብስማ አውራ ሆነ፤ ጥቁርና ነጩ የተዋጣለት፣ ላባው የሚያምር፣ መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያየው። እናቱና ወንድሞቹ ያሳደጉት አውራ ሰውን ይፈራል፣ ቦታውንም ያውቃል። በሰው እጅ ብቻውን ያደገ ግን ሰውን እንደ ራሱ ያለ ዶሮ አድርጎ ነው የሚያየው። ሲጎለምስ ከማን ጋር ይዋጋ? ከሰው ጋር ነዋ። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ የእኔ እንደዚያ አይሆንም አልሁ።

ሆነ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ገብስ ሳሰጣ ከኋላዬ ዘሎ ቅልጥሜን በሁለት እግሩ መታኝ። ከእግሩ ኋላ ያለው ሹል ጥፍር ሁለት ቀዳዳ አድርጎ ገባ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ደሙን በቀሚሴ ሸፍኜ ለተገኘ ሳልነግር ቀረሁ፤ ቢያይ በዚያው ቀን ያርደዋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ጓሮ ስወጣ ሰፌድ ከፊቴ ይዤ መውጣት ጀመርሁ። እንዳላርደው በእጄ ያሳደግሁት ነው። እንዳላኖረው ፈርቼዋለሁ።

አጥር ለአጥር የምንጎራበተው ፈንታ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ውዴ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ቀርቷል። በዚያ ጥር ከስማዳ አንጓች የምትባል ልጅ አገባ። አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ውዴ መጀመሪያ ትሸሻት ነበር። አንጓች አላስገደደቻትም። ሥራዋን እየሠራች በጎን ታወራላት ነበር፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ የምትከተላት ሆነች። እናቴ አትላትም፤ በስሟ ነው የምትጠራት። ቀኑን ሙሉ «አንጓች፣ አንጓች» ሲባል በአጥር በኩል ይሰማኝ ነበር።

በግንቦት ሸለምጥማጥ ገብቶ አውራ ዶሮዋን በላባት። እኔ ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። በማግሥቱ ገብስማውን ታቅፌ ሄድሁ።

«እትየ ጥሩ፣ ለእኔ? እንዲህ ያለውን?» አለች።

«ያንቺ ነው» አልኋት። «በእጄ ያሳደግሁት ነው። ገር ነው።»

ትከሻዬን ሳመችኝ። ውዴ ከቀሚሷ ኋላ ሆና አንገቷን አስግጋ ዶሮውን ታያለች። ቁመቷን አየሁት። ያ ዶሮ ዘሎ የሚደርስበትን ከፍታ በቅልጥሜ አውቀዋለሁና ፊቷ የት ላይ እንደሚውል አየሁ። ልጅቷን አታስጠጊበት ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሁለት ቃል። ሁለት ቃል ነፈግኋት። ምክንያቱም ያን ካልሁ ገር ነው ማለቴ ውሸት ይሆናል፣ የሳመችኝም ትከሻ ያሳፍረኛል። መረቀችኝ፤ ምርቃቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ጩኸት ሰማሁ። ወንዱ ሁሉ አረም ላይ ነበር። ስደርስ ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ደጅ ላይ ቆመዋል። አንጓች ውዴን በአንድ እጇ አቅፋለች፣ በሌላ እጇ ዱላ ይዛለች። የልጅቷ ፊት ደም ብቻ ነው። «አንጓች! አንጓች!» እያለች ትጮሃለች። ገብስማው ዶሮ አጥሩ ሥር ሴቶቹን ይዞ ይጭራል፣ ምንም እንዳላደረገ።

«ዶሮው ነው» አለች አንጓች። «ከጓሮ እየሮጥሁ ስመጣ ፊቷ ላይ ነበር። በዱላ መትቼ ነው ያባረርሁት።»

ሴቶቹ ዱላውን አዩት። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ልጅቷን ከእጇ ተቀብዬ ፊቷን አጠብሁ። ሁለት ቁስል ነበር፤ አንዱ ከቅንድቧ በላይ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዓይኗ ላይ። ከቀሚሴ ሥር ያለውን የራሴን ጠባሳ አሰብሁ። ርቀቱ እንኳ አንድ ነው። ዝም አልሁ። ዓይኗ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ።

ሞላ የሚባል የሟች እናቷ ወንድም ነበር፤ ነፍጥ ያለው፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው። እንጀራ እናት የእህቴን ልጅ ዓይን አፈሰሰች ብሎ ተነሣ። ልጅቷም እኮ ስትጮህ የመታቻትን በስም ጠርታለች ተባለ። የምትጠራት ለእርዳታ እንደነበር ለማን ይነገራል? እኔ ቀኑን ሙሉ በአጥር ስሰማው የኖርሁት ጥሪ መሆኑን መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም።

ደም ሳይፈስ ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተብሎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማርያም ቅጥር ውስጥ ተቀመጡ። ዋናው ዳኛ ባላምባራስ ውብነህ ነበሩ፤ በነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ። አንጓች ያየችውን ተናገረች። በማርያም ልማልም አለች።

«መሐላው ይቆየን» አሉ ባላምባራስ። «ዶሮ እንዲህ ያደርጋል ወይ? የሚያውቅ ይናገር። ጥሩወርቅ የታለች? ዶሮውም የእርሷ ነበር አሉ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አፌ ውስጥ የነበረው እውነቱ ነበር። ሞላ ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። ለምን ልጅ ላለበት ቤት ሰጠሽ እንደሚለኝ አወቅሁ። ሞላን ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ። ግን ከፍርሃቱ በፊት ሌላ ነበር። ዶሮ አዋቂዋ የገዛ ዶሮዋን ጠባይ ሳታውቅ ቀረች እንዳይባል፣ ወይም እያወቀች ሰጠች እንዳይባል ነበር። ስሜን ነው ያዳንሁት። በልጅቷ ዓይንና በአንጓች ትዳር ስሜን አዳንሁ።

«እኔ ሳሳድገው ገር ነበር» አልሁ። «ካልነኩት አይነካም።»

«እንግዲያስ ዶሮው ይምጣና እንየው» አሉ ባላምባራስ።

አሁን የምነግርዎ ከሁሉ የከፋውን ነው። አንድ ሰው ሄዶ ዶሮውን እግሩን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ አመጣው። እንደዚያ ያለ አውራ ጀግንነቱ በገዛ ደጁ፣ በሴቶቹ መካከል ነው። ከግቢው ካወጡት፣ ሴቶቹን ካጣ፣ የማያውቀው ሰው ከከበበው፣ እንደ ጫጩት ነው የሚሆነው። ይህን በዚያ ቅጥር ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «አምጡልኝ» አልሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ አልሁ። ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት፣ ደረቱን በመዳፌ ደግፌ በሌላው እጄ ከራሱ እስከ ጀርባው ቀስ እያልሁ ዳሰስሁት። ሲፈራ ልቡ ይመታል፤ መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። እነሱ ግን ልቡን አላዩም። ያዩት ዓይኑን ጨፍኖ ጭኔ ላይ የተኛ ዶሮ ነው።

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። «ይህ ነው እንግዲህ ዓይን ያጠፋው?» አሉ።

አንጓች ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እዚህ ምን ሆኖ ነው? ቤት እንዲህ አይደለም! እትየ ጥሩ፣ እባክሽ ንገሪያቸው፤ ቤት እንዲህ አይደለም!»

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። ብልህ ሰው ነበሩና የሚጠየቀውን ጠየቁ። «ቦታ ይለውጠዋል እንዴ፣ ጥሩወርቅ?»

አንድ ጊዜ ብቻ ተጠየቅሁ፤ በግልጽ፣ በማርያም ደጅ፣ በቀን ብርሃን።

«ዶሮ ዶሮ ነው» አልሁ። «የትም ቢሆን ያው ነው።»

በዚያ አለቀ። ሽማግሌዎቹ አንጓች ከልጅቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አትደር አሉ፤ ፈንታ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። በማግሥቱ አባቷ ከስማዳ መጥቶ ወሰዳት። በደጃችን ነው ያለፉት። አላለቀሰችም። ቀና ብላም አላየችኝ። ውዴ ፊቷን እንደታሰረች ከአጥሩ በር ላይ ቆማ «አንጓች» እያለች ትጠራት ነበር። አክስቷ ጎትታ አስገባቻት።

መስከረም ሲጠባ ፈንታ እያነከሰ ወደ ቤቴ መጣ። ሱሪው ቅልጥሙ ላይ በደም ርሷል።

«ያ ዶሮ መታኝ» አለ። «ጎንበስ ብዬ በሬ ሳስር ከኋላዬ መጣ። በዱላ ገደልሁት።» ከዚያ፣ «ያን ጊዜም ይመታ ነበር እንዴ፣ ጥሩ?»

ይኸው እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። አንጓች ገና በአባቷ ቤት ናት፣ የስማዳ መንገድ ያው ነው፣ ሽማግሌዎቹም በሕይወት አሉ።

«አውራ ሲጎለምስ ጠባዩ ይለወጣል» አልሁት። «ያን ጊዜ ገና ነበር።»

ረዘም አድርጎ አየኝ። ማመን እንደፈለገ ገባኝ። ካላመነኝ ስማዳ ወርዶ ያቺን ልጅ ደጅ መጥናት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ አመነኝ። በመጣው ጥር ሌላ አገባ።

አዲሷ ሚስቱ የራሷን ልጆች ወለደች፤ ውዴም ውሎዋ ከእኔ ጋር ሆነ። ልጅ አልነበረኝምና ደስ አለኝ። ፀጉሯን እሠራታለሁ፣ ዶሮ አያያዝ አስተምራታለሁ፣ እማ ትለኛለች። ያጠፋሁትን እየካስሁ ነው እል ነበር። ካሳ ነበር? ከሰው የቀማሁትን ልጅ ይዤ መቀመጤ ካሳ ይባላል? መንደሩ ሁሉ እንጀራ እናትሽ በዱላ ዓይንሽን አጠፋች እያለ አሳደጋት። እያደር እሷ ራሷ አስታውሳለሁ ማለት ጀመረች። ዱላው ሲወርድ አይቻለሁ ትላለች። እኔ እየሰማሁ ጥጥ እፈትላለሁ።

አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ አርብ ገበያ ላይ አንጓችን አገኘኋት። ሁለት ዶሮ አስራ ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ወፍራለች፣ ፊቷ ጠቁሯል። ልሸሽ ስል በስሜ ጠራችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ዘግይታ አግብታ ሦስት መውለዷን ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣

«ከዚያ ወዲህ እኔም ዶሮ አረባሁ» አለች። «ቦታ ይለውጠዋል፣ እትየ ጥሩ።»

«ይለውጠዋል» አልኋት። በሰው ፊት ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ ያውም እሷ ቀድማ ስላለችው ነው።

ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልጅቷስ?» አለች።

«አድጋለች። እኔ ጋ ነች።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ንገሪያት» አለች። «ለሽማግሌ ንገሪ አላልሁሽም፤ የእኔ ስም ከሄደ ቆይቷል። ለእሷ ብቻ ንገሪያት። በገዛ ቤቷ የሚጠላት ሰው እንዳልነበረ ትወቅ።»

«እሺ» አልሁ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ውዴ መንገድ ድረስ ወጥታ ሸክሜን ተቀበለችኝ። ነገ እነግራታለሁ አልሁ። ነገ ብነግራት እማ ትለኛለች ወይ? ያንን ሳስብ ነገው ሌላ ነገ እየሆነ ሄደ።

ውዴ ዛሬ ንፋስ መውጫ አግብታ የሁለት ልጆች እናት ናት። ተገኘ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ መጣች። ራሴን ቅቤ እየቀባችኝ በመንደሩ ስለሚወራው ታጫውተኛለች፤ አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇን አቃጠለች ይባላል። ውዴ እጇን አቆመች። ከኋላዬ ስለነበረች ፊቷን አላየሁትም።

«እኔንም ለዚህ ያበቃችኝ፣ ያለችበት ቦታ እጇ ይድረቅ» አለች።

እኔም «አሜን» አልሁ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ዝም ብል ለምን ዝም አልሽ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። ያቺ ስማዳ ያለች ሴት ልጆቿን የምታጥብበት፣ እህል የምትፈጭበት እጅ ይድረቅ ሲባል፣ የማን እጅ መሆን እንዳለበት እያወቅሁ አሜን አልሁ። ወጣትነት ነው እንዳልል አርጅቻለሁ። ሞላን ፈርቼ ነው እንዳልል ሞላ ሞቷል። ምንም የቀረ ሰበብ የለኝም፤ መጀመሪያም አልነበረኝም።

ውዴ በሄደች በሳምንቱ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። አባቴ ቄስ ነበሩና ሴት ልጅ ብለው ሳይተዉኝ ፊደል አስቆጥረውኛል። ስጽፍ ሸክሜ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ቀሎኝ ነበር። አሁን ስጨርሰው ያደረግሁት ገባኝ። ይፍቱኝ ብዬ እርስዎን አልጠይቅም፤ እርስዎን የበደልሁት ነገር የለም። የበደልኋት ውዴ ንፋስ መውጫ ናት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም ይህን በጽሑፍ ያደረግሁት ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ ነው።